ለጨነቅ ብርድ ምን ይያዛል

ደባርቅ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

ጤና ይስጥልኝ። የእህትዎ ልጅ ጋሻዬ ከላሊበላ በጎንደር ሾፌር እጅ የላከው ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ዘይት ነክቶታል፤ ጽሕፈትዎ ግን ይነበባል። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን ሙሉሃብትን የቀበርን ጊዜ የላክሁልዎ ወረቀት አጭር ነበር፤ ከዚያ በላይ የምለው አላገኘሁም።

አዎ፣ ያው አባስ ነኝ። ዛሬም በቅሎ አከራያለሁ፤ ከጎብኚ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መቃብሩንም አውቀዋለሁ። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚባል የድንኳን ሰፈር አለ፤ ልጅዎ ለጎብኚ ምግብ ሲያበስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው እዚያ ነበር። ከጨነቅ ማዶ፣ ከፓርኩ ጫፍ ባለች መንደር፣ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያረፈው። ዐፅሙን አፍልሰው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከአባቱ ጎን ሊወስዱት ማሰብዎን አንብቤአለሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእኛ ዘንድ የተቀበረ አይነካም። በእናንተ እንደሚደረግ ግን ስለማውቅ በዚህ ላይ ቃል የለኝም።

ሰባተኛ ዓመቱ ሐምሌ ላይ ቢውልም በሐምሌ አይምጡ። እዚያ ክረምት ዝናብ ብቻ አይደለም። ደመናው መሬት ላይ ይተኛል፤ ሰው የተቀመጠባትን በቅሎ ጆሮ አያይም። መስከረም አበባ ነው፣ ጭቃው ግን አይደርቅም። ጥቅምት ይሻላል።

ምን ልያዝ ላሉኝ፦ ነጠላና ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሲደርቅ ወዳጅ፣ ሲረጥብ ከሃዲ ነው። ከሥር ቀጭን ሹራብ፣ ከላዩ ወፍራም፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይደርቡ። ካልሲ ደራርበው ያድርጉ፤ ሌላ ጥንድ ደግሞ ለመኝታ ብቻ ደርቆ ይቀመጥ። ኮፍያ፣ ለከንፈር ቫዝሊን፣ ለዕቃው መጠቅለያ ላስቲክ። የመኝታ ከረጢት እኔ ከዚህ እከራይልዎታለሁ። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ሲነጋ ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይገኛል።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አባስ፣

እንዴት ነህ? በቅሎዎችህስ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጋሻዬ «አክስቴ፣ ደውይለትና ይለቅልሽ» ይለኛል። ስልክ ለእኔ ንብ የገባበት ቀፎ ነው፤ ይጮሃል እንጂ አይናገርም። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለይቻለሁ፤ ደብዳቤ ይሻለኛል።

ብርድን ለእኔ ታስተምረኛለህ? የተወለድሁት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ነው። ውርጭ የደረሰ ገብስ ሲያቃጥል እያየሁ ነው ያደግሁት። ጋሻዬ ምክርህን ሲያነብ በሳቅ ፈረሰ። «ፈረንጅ አድርጎሻል» አለኝ። የመኝታ ከረጢት ያልኸው እጅና እግርን አንድ ላይ ከትቶ የሚያስተኛ ከሆነ አልገባበትም። ይኸ ለሬሳ ነው። እኔ ራሴ የፈተልሁት የበግ ጠጉር ባና አለኝ።

ሳጥኑን ብልባላ ገበያ ላለው አናጢ አዝዣለሁ። ዋንዛ ነው። «ምን ያህል ይርዘም?» አለኝ። ከሰው ዐጥንት ረጅሙ የጭን ነው ይላሉ። ሙሉሃብት ቁመቱ የእኔ ነበርና የራሴን ጭን በገመድ ለካሁ፣ ቋጠሮ አድርጌ ሰጠሁት። አናጢው ገመዱን ሲቀበል ዐይኔን አላየም።

ስለ ልብስ አይደለም የምጠይቅህ። መሬቱ ምን ዓይነት ነው? ውኃ ይቋጥራል? ድንጋይ አለበት? ካህናቱ ይፈቅዱልኛል? ይህን ንገረኝ።

ደመቀች


ደባርቅ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

ስለ ባናው ተሸንፌአለሁ፤ የበግ ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል። ላስቲኩን ግን እንዳይተዉ። በልብስ ላይ የምጨቀጭቅዎ በከንቱ አይደለም። ሙሉሃብትን የገደለው ብርድ አልነበረም፤ እርጥበት ነው። ዝናብ የመታው ሹራብ ሳይደርቅ ደግሞ ለበሰው፤ ከዚያ በጎኑ ውጋት ገባ። በበቅሎ ሳወርደው «አባስ፣ ደረቅ ካልሲ አለህ?» ነበር የሚለኝ። አልነበረኝም።

መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ውኃ ይቋጥራል። አሁን ቢቆፈር ጉድጓዱ ኩሬ ነው የሚሆነው። ካህናቱ የደብርዎን ደብዳቤ ይዘው ከመጡ እንደሚፈቅዱ ነግረውኛል።

መቃብሩ በደህና ነው፣ አይሥጉ። አረም የለበትም። ድንጋዩ ባለፈው ዓመት ተንዶ ነበር፣ ተክቧል። ሰባተኛ ዓመቱም በሚካኤል ዕለት ታስቧል፤ ዳቦ ተቆርሷል። ጧፉ በነፋስ ቢጠፋም ደግሞ ደጋግሞ ተለኩሷል። እኔም ከአጥሩ ውጭ ከበቅሎዎቼ ጋር ቆሜ ነበር።

የእኔ አባት መቃብርም ያለው ፓርኩ ውስጥ ነው። መንደራችን ድሮ እዚያ ነበር፤ ወደ ደባርቅ ስንወርድ ሙታኑ ቀሩ። አሁን የጓሳ ሣር ውጦታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይነጩበታል። ጎብኚ ፎቶ ሲያነሳቸው እኔ ገለል ብዬ ዱዓዬን አደርጋለሁ።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አባስ፣

ፍልሰታን ጾሜ፣ ሱባዔ ይዤ ስለነበር ነው የዘገየሁት፤ አትቀየመኝ። ስለ ካልሲው የጻፍኸውን ሳነብ ውዬ አደርሁ። ባትጽፈው ይሻል ነበር አልልህም።

በጥቅምት ይሁን። ዕቃዬን ሸክፌአለሁ። ሹራብ ከጋሻዬ ወሰድሁ፤ ደረቱ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት አለው፣ ምን እንደሚል አልነግርህም አለኝ። ጃኬቱ የሟች ባሌ ነው። ካልሲ ሸምቻለሁ፣ ላስቲክም አለኝ። በሶና ቆሎ ይዣለሁ። ጭኮም ሠርቻለሁ፣ ቅቤው ብርድ ይመልሳል፤ ረቡዕና ዓርብ ያንተ ነው። ለዐፅሙ አቡጀዲ ቆርጫለሁ። ሳጥኑ ቤት ገብቷል፤ ካልሲውንና በሶውን ለጊዜው እሱ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጎረቤት መጥታ ስትከፍተው «ስንቅሽን በሬሳ ሳጥን?» ብላ አማተበች። ሬሳ ያልገባበት ሳጥን እንጨት ነው አልኋት።

አባትህን ለምን አታወጣውም? ፓርኩ ይከለክላል ወይስ እምነትህ?

ደመቀች


ደባርቅ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

እንኳን አደረሰዎ። ባለቤቴ ነጅሚያ ሰላም ብላለች። ሲመጡ ሥጋ አይኖርም፣ ሽሮ በአንድ ገበታ እንበላለን ብላ አስባለች።

አባቴን የማላወጣው ማንም ስለከለከለኝ አይደለም። ሰው ያረፈበት ቦታ የእሱ ነው ብለን ነው።

ስለ ጉዞው ግን ላስቸግርዎ ነው። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም፤ ጥቅምት ሲባትም ይጥል ይሆናል። ጥቅምት ደግሞ ፓርኩ ጎብኚ የሚበዛበት ወር ነው፤ በቅሎ ይጠፋል። ኅዳር ነፋስ ነው፣ ድንኳን ይነቅላል። ታኅሣሥ ውርጭ ነው፣ እርስዎም ይጾማሉ፤ ያለ ቅቤ ያንን ብርድ አይችሉትም። ጥር ከዚያ ይብሳል። የካቲት ላይ አቧራና ጭስ ነው፤ ፀሐዩም ይከፋል። ትንሽ ቢቆዩና ብናስብበት ምን ይመስልዎታል? መንገዱም እንደሚያውቁት ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባስ፣

ዐሥራ ሁለቱንም ወር አነወርህ። ጳጉሜንን ብቻ ረስተሃል፤ እሷንም አጭር ናት ልትለኝ ነው። እግዚአብሔር ለሰሜን ሰው የሚኖርበት ወር አልፈጠረለትም?

እኔ እስከ ዛሬ በቅሎ ለጎብኚ አከራይቼ የኖርሁ ሴት ነኝ። በቅሎ አከራይ ወር የሚያማርጠው መሄድ ሲፈልግ ነው፤ ወር የሚያነውረው ሳይፈልግ ነው። ሰኔ ላይ ጥቅምት ይሻላል ያልኸኝ አንተው ነህ።

ደብዳቤዎችህን መልሼ አነበብሁ። ድንጋዩ ተክቧል ትላለህ። ዳቦ ተቆርሷል ትላለህ። ጧፉ ተለኩሷል ትላለህ። አንተ እስላም ነህ፤ ከአጥሩ ውጭ ነበርሁ ብለሃል። ልጄ እዚያ አገር ወገን የለውም።

ጧፉን የሚለኩሰው ማን ነው?

ደመቀች


ደባርቅ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

ሌላ ሰው ያሰረኝ ቃል ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ነው አሁን የምጽፈው፤ ፈቃዱንም በለቅሶ ነው ያገኘሁት።

ጧፉን የምትለኩሰው ባንቺዓለም ትባላለች። የዚያችው የሚካኤል መንደር ልጅ ናት። ለጎብኚዎች ዳቦ እየጋገረች ወደ ጨነቅ ታመጣ ነበር፤ ሙሉሃብትም ዳቦውን «እንደ እናቴ ድፎ ነው» እያለ ከሚገባው ዋጋ በላይ ይገዛት ነበር። እኛም እናሾፍበት ነበር፤ «ፈረንጁ አንድ፣ ዳቦው ዐሥር» እንለው ነበር። ኋላ አብረው ኖሩ። ሽማግሌ አልተላከም፤ መስከረም ሲጠባ ወደ እርስዎ ወስዷት ሊነግርዎ ነበር። ሐምሌ ላይ ሞተ።

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጅቱ በኅዳር ተወለደች። ፅናት ትባላለች፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ግንባሯ የእሱ ነው።

ባንቺዓለም ለእናቱ አትጻፍ ያለችኝ የአባት ወገን መጥቶ ልጄን ይወስድብኛል ብላ ነው። በእህቷ ላይ እንዲህ ደርሷል። ሰኔ ላይ ዐፅሙን ሊወስዱ እንደሚመጡ ስነግራት ሁለት ነገር ፈራች፤ ልጅቱን ያያሉ፣ መቃብሩም ይሄዳል። ልጅቱ አባቷን የምታውቀው በዚያ ድንጋይ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያ በኩል ነው የምታልፈው፤ «አባዬ፣ ደህና ዋል» ብላ ታልፋለች። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

ወሮቹን ያነወርሁት ለዚህ ነው። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባስ፣

የብልባላ ሰው ልጅ ልድርለት ቃል ሰጥቼ ነበር። ሙሉሃብት አልፈልግም አለ፤ እኔም ተናገርሁት። ከላሊበላ የወጣው ሥራ ጠፍቶ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ አስጎብኚው ከጎብኚው በዝቶ ነው አልሁ። አንተ ግን ሰምተኸው ይሆናል።

ልጅ ወልዶ ለእናቱ ሳይነገር ሰባት ዓመት! እኔ አውሬ ነኝ? ከሰው ልጅ ነጣቂ ነኝ?

ገና ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ እመጣለሁ። ለቃና ዘገሊላ፣ ለጥር ሚካኤል እዚያ እደርሳለሁ። ብርድ ነው አትበለኝ። ሳጥኑን ይዤ ነው የምመጣው።

ደመቀች


ደባርቅ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

ብርድ ነው አልልዎትም።

ደብዳቤዎን ለባንቺዓለም አነበብሁላት። ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን ሳትታጠብ ሰማችኝ። ሲያልቅ «እንደገና አንብበው» አለችኝ፤ ደገምሁላት። ከዚያ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ፦

«በላቸው፣ ዐፅሙን ይውሰዱት። አልከለክልም፤ እሳቸው ወልደውታል። ልጄን ግን ይተዉልኝ። እሱን በእሷ እለውጣለሁ።»

እኔ ከዚህ የሚጨምር የለኝም። ከፈቀዱ ከጎንደር ጀምሮ እቀበልዎታለሁ። ከረጢቱን ተከራይቻለሁ፤ ባይገቡበትም ከሥርዎ ይነጠፋል። መሬቱ ደርቋል።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አባስ፣

ባለፈው በቁጣ ጻፍሁልህ። ሰላምታ እንኳ ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ነጅሚያን ሰላም በልልኝ።

አንተ እዚህ አልመጣህምና ላስረዳህ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው ዋሻ ውስጥ ነው። ከጀርባው፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ የድሮ ሰዎች ዐፅም ተከምሯል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያቸው የኖርሁ ስለሆነ እንደ አጥር ናቸው፤ ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ጎብኚ ነው የሚያያቸው።

ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ የፈቃዱን ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ልጠይቅ ሄድሁ። የባንቺዓለምንም ነገር አልደበቅኋቸውም። ወደ ኋላ ወሰዱኝና፣

«ደመቀች፣ ከእነዚህ ውስጥ እናቱ መጥታ የወሰደችው አለ?» አሉኝ።

«የት እንዳሉ ቢያውቁማ ይመጡ ነበር፣ አባቴ» አልኋቸው።

የረታኋቸው መሰለኝ። ደብዳቤውን ግን ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ሰጡኝ።

በማግሥቱ ደግሞ ብቻዬን ሄድሁ። ከአንዱ የራስ ቅል ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ የጧፍ ሰም ደርቆ አየሁ። ማን እንደለኮሰው አላውቅም። ዘመዱ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ ዘመዶቹ ካለቁ ስንት ዘመናቸው።

ለባንቺዓለም እንዲህ በልልኝ፦ ደመቀች ዐጥንት በልጅ አትለውጥም። ብልባላ ገበያ ላይም እንዲህ ያለ ለውጥ የለም። ልጅሽን አልነካም። መቃብሩን ግን አሁን ምንም ልልሽ አልችልም። መጥቼ ሳየው ነው።

ጭኮውን ጋሻዬ ጨርሶታል። ለጥር ሌላ እሠራለሁ።

ደመቀች


ደባርቅ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

በሰላም መግባትዎን ጋሻዬ አሰምቶኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ጣለችዎ ግራጫ በቅሎ ደግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጎብኚ ጥላ እንደማታውቅ ምዬልዎ ነበር። እርስዎም «እኔ ጎብኚ አይደለሁም፣ ለዚህ ነው» ብለው አሳፈሩኝ።

ለጠየቁኝ ልመልስ። ዐፈሩ ተመልሶ ተደልድሏል፤ ለመቆፈር የመጡት ሰዎች የከፈቱት ትንሽ ነበርና ምልክቱ አይታይም። ድንጋዩን ባንቺዓለም ራሷ ከበችው። እርስዎ «በቃ፣ መልሱት» ባሉ ጊዜ ቄሱ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ሁለት ጊዜ እንደጠየቁዎ የመንደሩ ሰዎች አሁንም ያወራሉ። ለምን እንደተዉት ግን እኔንም ይጠይቁኛል። እኔ የማውቀው ከአጥሩ ውጭ የታየኝን ነው፤ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሰው ተሰብስቦ ስታይ፣ ሮጣ መጥታ ቆፋሪውን «የአባዬ ነው!» ብላ ዶማውን ስትይዝበት ነበር።

ስለ ሳጥኑ፦ አላቃጠሉትም፣ አልሸጡትም። ባንቺዓለም መጀመሪያ ወደ ቤት ለማስገባት ፈርታ ነበር። «እማማ ሬሳ ያልገባበት እንጨት ነው ብለዋል» አልኋት። አሁን የፅናት ነው። ደብተሯን፣ እርስዎ የሰጧትን ባናና የገዙላትን ካልሲዎች አስገብታበታለች። ማንም ሲነካባት ትጮሃለች። ካልሲዎቹ ግን እስከ ጉልበቷ ይደርሳሉ፤ አድርጋቸው ስትሄድ ተረከዙ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው።

ከረጢቱን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ተኝተውበት እንደነበር ለጋሻዬ አልነገርሁም። ቃሌ ነው።

አባስ


ይምርሐነ ክርስቶስ፣ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አባስ፣

ከረጢቱ ሞቆኛል። ይኸን ደብዳቤ አቃጥለው።

ሰው እዚህም ይጠይቀኛል። «ባዶ እጅሽን መጣሽ» ይሉኛል። ከባሌ መቃብር አጠገብ ያለው ቦታ እንደተቆፈረ ነው፤ አባ ወልደ ጊዮርጊስ «እንድፈነው?» ቢሉኝ «ለእኔ ይሁን» አልኋቸው። ለምን እንደተውሁት አንተ ጽፈኸዋል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። ማታ ማታ እናደዳለሁ። ጠዋት ይተወኛል።

ለባንቺዓለም ያልነገርኋት ነገር አለ። እዚያ ሳለሁ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ ልውሰዳት የምል እንዳይመስላት ፈርቼ። አንተ ንገራት። ለመጪው ገና እሷና ልጅቱ አብረው ቢመጡ ቤቴ ሰፊ ነው። መጥተው ሲፈልጉ ይመለሱ፤ መመለሻቸውን እኔ በራሴ በቅሎ ብልባላ ድረስ አደርሳቸዋለሁ፣ ከዚያም ጋሻዬ እስከ ላሊበላ ያደርሳቸዋል። ካልፈለገች ትቅር፤ አልቀየምም።

ከመጡ እንዲህ ይያዙ። በገና ሰሞን ቀኑ ጥሩ ነው፣ ማለዳ ግን ውርጭ አለ። ዋሻው ውስጥ ብርዱ ከደጁ ይለያል፤ ከድንጋዩ ነው የሚወጣው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃልና ልጅቱ ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋታል። በመንገድ ጋቢ አያልብሷት፤ ከረጠበ ከሃዲ ነው። ይህን ከማን እንደተማርሁት ታውቃለህ። ሹራብ ከሥር፣ ጃኬት ከላይ። ላስቲክ አይርሱ። ከበሶ በቀር ስንቅ አይሸከሙ፤ ገና ላይ ጾሙ ስለሚፈታ ጭኮ እኔ ዘንድ አለ።

ካልሲውን ገበያ ላይ በግምት ገዝቼ ተሳስቻለሁ። ጠጉር እየፈተልሁ ነው፤ ራሴ እሠራላታለሁ። የእግሯን ልክ በገመድ ለክተህ፣ ቋጠሮ አድርገህ ላክልኝ።

ደመቀች


ደባርቅ፣ መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ ደመቀች፣

ጤና ይስጥልኝ። ነጅሚያም እንደምን ሰነበቱ ትላለች። ትናንት ከጨነቅ ወረድሁ። መልእክትዎን ለባንቺዓለም አንብቤላታለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችኝ። «ገና ሩቅ ነው» ብቻ ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔም ልጅቱን ድንጋይ ላይ አቁሜ እግሯን ለካሁ፣ ቋጠሮውን አሰርሁ። ኮርኩሯት ስትስቅ ገመዱ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

ልነሳ ስል ባንቺዓለም ገመዱን ከእጄ ወሰደችው። አየችው። ከእኔ ቋጠሮ አለፍ አድርጋ ሌላ ቋጠሮ አሰረችበት።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኋት።

«እስከ ገና ታድጋለች» አለችኝ።

ገመዱ ከዚህ ወረቀት ጋር አለ። በሁለተኛው ቋጠሮ ይሥሩላት።

አባስ